የመንግሥት የጤና ድጎማ በደሴና በኮምቦልቻ፦ ብሩ ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርስ

አንድ የከተማ ጤና ጣቢያ ገንዘብና ዕቃ የሚገባበት በር ከአምስት አያንስም። ራሱ አስቦ፣ ራሱ ወስኖ የሚያወጣው ብር ግን የሚገባው በአንዱ ብቻ ነው። የደሴንና የኮምቦልቻን ጤና ጣቢያዎች የሚያቆመውን የመንግሥት ድጎማ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ብሎ በደፈናው መፍረድ የማይቻለው ለዚህ ነው፤ በየበሩ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። እዚህ የመዘንነው በሦስት ነገር ነው። በሰዓቱ ይደርሳል ወይ? ጤና ጣቢያው ለቸገረው ነገር ሊያውለው ይችላል ወይ? በመጨረሻስ ከሰኞ ገበያ ልጇን አዝላ ለመጣች እናት መድኃኒት፣ ምርመራና ንጹሕ አልጋ ሆኖ ይደርሳታል ወይ? የብሩን ብዛት ከእነዚህ በኋላ ነው ያየነው።

ብሎክ ግራንት፦ ደመወዙ አስተማማኝ፣ ሌላው ቀጭን

ዋናው በር ይህ፣ ማለትም በጥቅል የሚወርደው ድጎማ ነው። የፌዴራሉ ድጎማ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያጸድቀው ቀመር ለክልሎች ይከፋፈላል፤ ክልሉ ደግሞ በራሱ ቀመር ለወረዳዎችና ለከተማ አስተዳደሮች ያወርደዋል። ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፦ ገንዘቡ ሲወርድ «ይህ ለጤና ነው» የሚል ምልክት የለበትም። ከተማው ራሱ ከሚሰበስበው ገቢ ጋር ተደምሮ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለውሃና ለሌላው የሚከፋፈለው በከተማው ካቢኔ ነው፤ የሚያጸድቀውም የከተማው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ስለ በጀቱ መሟገት ያለበት ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ካለ ቢሮ ጋር ሳይሆን፣ ፒያሳን ሲያቋርጥ ከሚያገኛቸው ሰዎች ጋር ነው። ይህ የአሠራሩ ትልቅ ብርታት ነው፤ ጠያቂና ተጠያቂ በአንድ ከተማ ውስጥ ናቸው።

ድክመቱ ያለው በአከፋፈሉ ነው። በበጀት ቋንቋ 6100 የሰው ኃይል፣ 6200 ዕቃና አገልግሎት፣ 6300 ቋሚ ንብረት ነው። ከጤና ጣቢያ ብሎክ ግራንት አብዛኛውን የሚበላው 6111፣ ማለትም ደመወዝ ነው። የሚተርፈው በ6214 የሕክምና ዕቃ፣ በ6217 ነዳጅና ቅባት፣ በ6231 ውሎ አበል፣ በ6244 የሕንጻ ጥገና እያለ ይሸነሸናል፤ መብራት፣ ውሃና ስልክም የየራሳቸው መደብ አላቸው። ነርሷ ደመወዟን በወሩ ታገኛለች። የምትለብሰው ጓንት ግን በዚያ እርግጠኝነት አይመጣም። የባለሙያ ደመወዝ ሳይቋረጥ መከፈሉ ትልቅ ነገር ነው፤ ባለሙያ ያለ ዕቃ ሲቀመጥ ግን ከተማው የከፈለውን ደመወዝ ግማሽ ጥቅም እንኳ አያገኝበትም።

ጊዜውም የራሱ ችግር አለው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። የከተማው ምክር ቤት በጀት እስኪያጸድቅ፣ ገንዘብ መምሪያው ዝርዝሩን በሥርዓቱ ላይ እስኪጭን፣ የመጀመሪያው የሩብ ዓመት ጥያቄ እስኪፈቀድ ክረምቱ ያልፋል። ደሴ ላይ ዝናቡና ብርዱ የበረቱበት፣ ሕጻናት በሳምባ ምች የሚመጡበት ወቅት የሥራ ማስኬጃው ገና ያልተንቀሳቀሰበት ወቅት ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ ሰኔ ይመጣል። ያልወጣው ብር ወደ ካዝና ስለሚመለስ ሁሉም ግዥ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይታጨቃል፤ በችኮላ የሚገዛውም የሚያስፈልገው ሳይሆን ገበያ ላይ የተገኘው ይሆናል። ጠረጴዛና የቢሮ ወንበር የሚበዙት፣ የላቦራቶሪ ሪኤጀንት፣ ማለትም የመመርመሪያ ኬሚካል፣ የሚያንሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወንበር ከየትኛውም ሱቅ በአንድ ቀን ይገኛል፣ ሪኤጀንት ግን ዝርዝሩን ለማዘጋጀት ብቻ ሳምንት ይፈልጋል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የግዥ ዝርዝር፣ ማለትም የዕቃው ዓይነት፣ መጠንና የጥራት ደረጃ፣ ግንቦት ላይ ተጽፎ ያድራል። በጀቱ እንደጸደቀ በዚያው ሳምንት የግዥ ጥያቄው ይገባል። ከዓመቱ የ6214 በጀት ከግማሽ በላዩ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት እንዲለቀቅ በጽሑፍ ይጠየቃል፤ ለአሥራ ሁለት ወር እኩል ማካፈል ለደመወዝ እንጂ ለመድኃኒት አይሆንም። የበጀት ዝውውር ካስፈለገ የስድስት ወሩ ግምገማ ሳያልፍ ይጠየቅ። በ6200 ውስጥ ከአንድ መደብ ወደ ሌላው ማዛወር ቀላሉ ነው። ክፍት የሥራ መደብ ላይ ያልተከፈለ ደመወዝ አለ ብሎ ከ6100 ወደ 6200 ለማዛወር መሞከር ግን ረጅም መንገድ ነው፤ ግንቦት ላይ ቢጀመር አይደርስም።

ስለ ሕዝብ ቁጥር ሳይነሳ ማለፍ አይቻልም። አገሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ ቤትና ሕዝብ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ ደሴ በዙሪያዋ ያሉ ቀበሌዎችን ጨምሮ 151,174፣ ኮምቦልቻም በተመሳሳይ 85,367 ሰው ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ የሚሠራው ትንበያ ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው፤ ከቆጠራው አሥር ዓመት በኋላ። ለፋብሪካ ሥራ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች፣ በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ሾፌሮች፣ በጦርነቱ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በዚያ ትንበያ ውስጥ በልካቸው አልተሰፉም። ውጤቱ ሁለት መልክ አለው። የክትባት ሽፋን በሪፖርት ከመቶ በላይ ይወጣና «ጎበዝ» ያስብላል፤ በተግባር ግን ዶዝ ያልቃል፣ ምክንያቱም የሚታዘዘው በትንበያው ልክ ነው። ከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት የመዘገቡት የቤተሰብ መረጃ ያላቸው ጤና ጣቢያዎች ይህን ልዩነት በሠንጠረዥ አስደግፈው ከዕቅዱ ጋር ማቅረብ አለባቸው። ቀመሩን አይለውጥም፤ የከተማው ካቢኔ በውስጥ ሲከፋፍል ግን ማስረጃ ያቀረበውን ካላቀረበው በተሻለ ይሰማል።

ሌላም የቦታ ጉዳይ አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ የወባ አገር ናት፣ ደሴ በአመዛኙ አይደለችም። ለሁለቱ ጤና ጣቢያዎች አንድ ዓይነት የዕቃ ዝርዝር መጻፍ ለአንዱ ብርድ ልብስ ነስቶ ለሌላው ማብዛት ነው።

የውስጥ ገቢ፦ ትንሹ ብር፣ ትልቁ ሥራ

ከፍ ያለ ነጥብ ከምንሰጣቸው አንዱ ይህ ነው። በ1990 ዓ.ም. የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂ የወጣው ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ጤና ተቋም ከካርድ፣ ከምርመራና ከመድኃኒት የሚሰበስበውን ወደ ካዝና አያስገባ፤ በራሱ ቦርድ ወይም ማኔጅመንት ኮሚቴ ውሳኔ አገልግሎቱን ለማሻሻል ይጠቀምበት። ከዚያ በፊት ጤና ጣቢያው የሰበሰበውን ሁሉ አስረክቦ አምፖል ለመቀየር ደብዳቤ ይጽፍ ነበር።

ድጎማ ያልሆነ ገንዘብ ስለ ድጎማ በሚናገር ግምገማ ውስጥ ለምን ገባ ቢባል፣ ሁለቱ ተጋምደው ስለሚሠሩ ነው። የሕጉ መንፈስ የውስጥ ገቢ በብሎክ ግራንት ላይ ተጨማሪ እንዲሆን ነው። በተግባር ግን «እናንተ የራሳችሁ ገቢ አላችሁ» ተብሎ የ6200 በጀት ሲቀነስ ይታያል። ይህ ጠንክሮ የሠራውን መቅጣት ነው። ካርድ ክፍሉን አስተካክሎ፣ ሌሊት ገንዘብ ተቀባይ መድቦ፣ የሚጠፋውን ገቢ የሰበሰበ ጤና ጣቢያ በሚቀጥለው ዓመት ድጎማው ከቀነሰ ሁለተኛ ለምን ይደክማል? የቦርድ አባላት በጀት ሲከፋፈል ያለፈውን ዓመት የ6200 ድልድል ከአዲሱ ጎን አስቀምጠው ይዩ። ከቀነሰ፣ በቃለ ጉባኤ ይጻፍና ለካቢኔው ይቅረብ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮሚቴው የዓመቱን ገቢ ገምቶ የወጪ ዕቅድ ያወጣል፤ ዕቅዱ ከከተማው በጀት ጋር አብሮ ይጸድቃል። ገንዘቡ በየቀኑ በደረሰኝ ተሰብስቦ ለብቻው በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይገባል። የሚወጣው በተፈቀደው ዝርዝር ብቻ ነው፤ ክልሉ የማይፈቀዱ ወጪዎችን ዝርዝር አውጥቷል፣ ኃላፊው ግድግዳ ላይ ሊለጥፈው ይገባል። በዓመቱ መጨረሻ ያልወጣው ከብሎክ ግራንት በተለየ ታቅዶ ወደሚቀጥለው ዓመት ሊሻገር ይችላል፤ ስለዚህ የሰኔው ሩጫ እዚህ የለም።

ይህ ብር የሚሠራቸው ነገሮች ትናንሽ ናቸው፣ ግን ቀኑን ሙሉ የሚታዩ። የተሰበረ የማዋለጃ ክፍል በር፣ የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ፣ የውሃ ታንከር ተንሳፋፊ፣ መብራት ሲጠፋ የክትባት ፍሪጁን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ የሚያቆየው ጄነሬተር ነዳጅ። በረኪናን ብቻ እንውሰድ፦ አንድ ሊትር 5 በመቶ በረኪና ከ9 ሊትር ውሃ ጋር ሲደባለቅ 10 ሊትር 0.5 በመቶ ማጽጃ ይሰጣል፤ ደም የነካውን ወለልና ዕቃ ለማጽዳት የሚያገለግለው እሱ ነው፤ በየቀኑ አዲስ መበጥበጥ አለበት። የማዋለጃ ክፍል ያለዚህ አንድ ቀን ማደር የለበትም። በ6214 ደብዳቤ ጽፎ ሁለት ወር ከመጠበቅ ከውስጥ ገቢ በማግስቱ መግዛት ይቻላል።

አደጋውን ግን በግልጽ መናገር አለብን። ከውስጥ ገቢው የሚበዛው ትርፍ አይደለም፤ የመድኃኒት ሽያጭ ነው፣ ማለትም ለሚቀጥለው መድኃኒት መግዣ መሆን ያለበት ካፒታል። ለምሳሌ በ100,000 ብር የተገዛ መድኃኒት 25 በመቶ ተጨምሮበት ቢሸጥ ሳጥኑ ውስጥ 125,000 ብር ይታያል። ኮሚቴው ይህን አይቶ 60,000 ብር ለአጥር ቢያወጣ፣ የቀረው 65,000 ነው፤ የሚቀጥለው ግዥ ከአንድ ሦስተኛ በላይ በሆነ ክፍተት ይጀምራል። ላዩ ላይ የዋጋ ንረት ሲጨመር ይብሳል፦ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ መድኃኒት ዋጋ ስለጨመረ ያው 100,000 ብር ያኔ የገዛውን ያህል ካርቶን አይገዛም። አጥሩ ያስፈልግ ይሆናል፤ ከ25,000ው ትርፍ ይሠራ። የመድኃኒት ሽያጩንና የአገልግሎት ክፍያውን በሁለት መዝገብ ለይቶ የማይዝ ጤና ጣቢያ ይህን ስህተት የሚያውቀው መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ነው። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ የተስፋፋው ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት አያያዝ ሥርዓት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ክኒን ከግዥ እስከ ሽያጭ በብር ይከተላል።

በዕቃ የሚመጣው ድጎማ

የመንግሥትና የለጋሾች ድጎማ ትልቅ ክፍል ለጤና ጣቢያው በብር አይደርስም፤ በካርቶን ይደርሳል። የቲቢ፣ የኤችአይቪ፣ የወባ፣ የቤተሰብ ዕቅድና የክትባት ግብዓቶች በነጻ ይመጣሉ፤ ሌላው መድኃኒት ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በተዘዋዋሪ ፈንድ፣ ማለትም ከሽያጭ ተመልሶ ለሚቀጥለው ግዥ በሚውል ብር፣ ይገዛል። የአገልግሎቱ ቅርንጫፍ ደሴ ላይ መኖሩ ለሁለቱም ከተሞች ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሩቅ ያሉ ወረዳዎች የሚያወጡት የመጓጓዣ ወጪና ጊዜ እዚህ የለም።

ሥርዓቱ በሁለት ወር አንዴ በሚሞላ የሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ይሠራል። ለጤና ጣቢያ ከፍተኛው ክምችት የ4 ወር፣ ዝቅተኛው የ2 ወር፣ አስቸኳይ የሚጠየቅበት ደግሞ የግማሽ ወር ፍጆታ ነው። ለጤና ኬላ ግማሹ፦ ከፍተኛው 2 ወር፣ ዝቅተኛው 1 ወር፣ አስቸኳዩ የአንድ ሳምንት። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሁለት ወሩ ፍጆታ በ2 ይባዛል፣ በእጅ ያለው ይቀነሳል፣ የቀረው ይጠየቃል።

አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከአንዲት ዓምድ ነው፦ ዕቃው ያልነበረበት ቀን። አሞክሳሲሊን ከ60 ቀን ለ20 ቀን ጠፍቶ ነበር እንበል። የታደለው 4,000 ክኒን ነው። ይህን እንዳለ ብንወስድ ከፍተኛው ክምችት 8,000 ይሆናል። ነገር ግን 4,000ው የታደለው በ40 ቀን ነው፤ ለ60 ቀን ሲስተካከል 6,000 ይሆናል፣ ከፍተኛውም 12,000። ልዩነቱ 4,000 ክኒን ነው። ዓምዷን ባዶ የተወ ፋርማሲ እጥረቱን ራሱ እንደገና ያዛል፤ በሚቀጥለው ዙር ቀድሞ ያልቅበታል፣ ፍጆታው ይበልጥ ያነሰ ይመስላል፣ ትእዛዙም ይቀንሳል። ከስድስት ወር በኋላ «አብሽር፣ ይመጣል» ከማለት በቀር ለታማሚ የሚሰጥ ነገር አይኖርም። ይህን ያመጣው የገንዘብ ማነስ አይደለም፣ ያልተሞላ ቁጥር ነው። ቢን ካርዱ፣ ማለትም የእያንዳንዱ መድኃኒት ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ፣ ዕለት ዕለት ካልተሞላ ደግሞ ቅጹን በትክክል መሙላት አይቻልም፤ የፋርማሲው ሰው አንድ ብቻ በሆነበት ጤና ጣቢያ ቢን ካርድ መጀመሪያ የሚተው ሥራ ነው።

መሣሪያ ላይ ሌላ ችግር አለ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ በሁለቱ ከተሞችና በዙሪያቸው የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተሰባብረዋል። ከዚያ በኋላ የመጣው እርዳታ ብዙ ተቋም አስነስቷል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። በዕቃ የሚመጣ እርዳታ ግን ከየአቅጣጫው ሲመጣ ዓይነቱ ይደበላለቃል። የደም ኬሚስትሪ ማሽን ብዙ ጊዜ የራሱን ኩባንያ ሪኤጀንት ብቻ የሚቀበል ነው፤ ሪኤጀንቱን አገር ውስጥ የሚያመጣው ከሌለ ማሽኑ ጠረጴዛ ከመሸፈን አያልፍም። ስለዚህ አንድ ማሽን ከመረከብ በፊት አራት ጥያቄ በጽሑፍ ይመለስ፦ ሪኤጀንቱ ከየት ይገዛል፣ ማን ይጠግነዋል፣ ቮልቴጅ ማስተካከያ አብሮ መጥቷል ወይ፣ ሥልጠናው ስንት ባለሙያ ያካትታል። አንድ ባለሙያ ብቻ ሠልጥኖ ከተዛወረ ማሽኑም አብሮት እንደተዛወረ ይቆጠር። በሞዴል 19፣ ማለትም በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ገቢ ሳይሆን የተቀመጠ ስጦታ ደግሞ በሕግ የጤና ጣቢያው ንብረት ሆኖ አይታወቅም፤ የጥገና በጀት ሊጠየቅለት አይችልም፣ ቢጠፋም የሚጠየቅ ሰው የለም።

የጤና መድን ድጎማ

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በኢትዮጵያ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ ከደሴ አፍንጫ ሥር ያለው ተሁለደሬ ነበር። ሌሎቹ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ናቸው። ስለዚህ ደቡብ ወሎ ስለ መድን ከሰሚነት በላይ ልምድ አለው።

ድጎማው ሁለት ነው። አንደኛው አጠቃላይ ድጎማ ነው፤ ሲጀመር የፌዴራል መንግሥት ከተሰበሰበው መዋጮ 25 በመቶ ይጨምር ነበር፣ ኋላ ወደ 10 በመቶ ወርዷል። ሁለተኛው መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮውን በሙሉ የሚሸፍነው ነው፤ ይህ ከክልልና ከወረዳ ወይም ከከተማ በጀት ይመጣል። በእኛ ግምት ከጤና ድጎማዎች ሁሉ ድሀው ቤት በቀጥታ የሚገባው ይህ ሁለተኛው ነው። ምልመላው በቀበሌ በሕዝብ ፊት ሲደረግ ትክክለኛ ሰው ይመረጣል፤ ስም ዝርዝር ቢሮ ውስጥ ሲዘጋጅ ግን ቤት ተከራይተው የሚኖሩ፣ የቀበሌ መታወቂያ የሌላቸው፣ አዲስ የመጡ ተፈናቃዮች ይዘለላሉ። ከሁሉ ይበልጥ ድሀ የሆኑት እነሱ ናቸው።

ለጤና ጣቢያው ግን መድን ማለት ዱቤ ማለት ነው። አባሉ ታክሞ፣ መድኃኒት ወስዶ ይሄዳል፤ ክፍያው በየሦስት ወሩ በሚቀርብ ሰነድ ተመርምሮ ይመጣል። ለአባላት በወር የ80,000 ብር መድኃኒትና አገልግሎት የሚሰጥ ጤና ጣቢያ በአንድ ሩብ ዓመት 240,000 ብር ዱቤ ውስጥ ነው። ለስድስት ወር ምንም ክፍያ ካልመጣ 480,000 ብር ከእጁ ወጥቷል። ያ ሁሉ መድኃኒት መግዣው ነበር። ለአባሉ «መድኃኒት የለም፣ ውጭ ግዛ» ሲባል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ መድን ያለው ሰው ከኪሱ ይከፍላል፣ በሚቀጥለው ዓመትም መታወቂያውን አያድስም።

መዘግየቱ ሁልጊዜ የመድኑ ጽሕፈት ቤት ጥፋት አይደለም። ሰነድ የሚመለሰው በጥቂት የታወቁ ምክንያቶች ነው፦ የአባልነት ቁጥሩ ካርዱ ላይ ካለው አይገጥምም፣ እድሳቱ ያለፈበት ነው፣ የመድኃኒት ማዘዣው አልተያያዘም፣ የታዘዘውና የተሰጠው መጠን ይለያያል፣ የባለሙያው ስም አለ ፊርማው የለም። ሩብ ዓመቱ ካለቀ በኋላ የአንድ ሺህ ታማሚ ወረቀት ማረም አይቻልም። በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት ካርድ ክፍልና ፋርማሲ ተቀምጠው የሳምንቱን ሰነድ ቢያመሳክሩ ግን የሁለት ሰዓት ሥራ ነው።

የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኞች ነገር ለብቻው ይነሳ። ይህ መድን የተዘጋጀው ቋሚ ደመወዝ ለሌለው ነው። ለደመወዝተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ቢታወጅም ተግባሩ ለዓመታት ሲራዘም ቆይቷል። ስለዚህ በአነስተኛ ደመወዝ የምትሠራ ልጅ ከሁለቱም መካከል ትወድቃለች፤ ስትታመም ከኪሷ ትከፍላለች ወይም ሳትታከም ወደ ማሽኗ ትመለሳለች። ጤና ጣቢያው ሊያደርግላት የሚችለው፣ በነጻ የሚሰጡትን አገልግሎቶች በግልጽ መለጠፍ ነው፦ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ ክትባት፣ የቲቢ ምርመራና ሕክምና፣ የኤችአይቪ አገልግሎት። ብዙዎቹ እነዚህ በነጻ መሆናቸውን አያውቁም። ፈረቃ ለሚሠሩም ከሥራ መውጫ ሰዓት ጋር የሚገጥም የማታ አገልግሎት ያስፈልጋል።

የፕሮጀክት ገንዘብ

ይህ ላይ አጭር እንሆናለን። የውጭ ገንዘብ በሦስት መስመር ይመጣል፦ በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል፣ በጤና ሚኒስቴር በኩል፣ ወይም በለጋሹ ራሱ። ብዙ ለጋሾች በጋራ የሚያስቀምጡበትና ሚኒስቴሩ የሚያስተዳድረው የዘላቂ ልማት ግቦች አፈጻጸም ፈንድ ከሁሉ የተሻለው ነው፤ ከአገሪቱ ዕቅድ ጋር ይሄዳል፣ አንድ ሪፖርት ይበቃዋል። በሦስተኛው መስመር የሚመጣው ፈጣን ነው፣ ግን የራሱን ቅጽ፣ የራሱን መዝገብ፣ የራሱን ሠራተኛ ይዞ ይመጣና ሲሄድ ይዞት ይሄዳል። ጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ሲታገድ ይህ በመላ አገሪቱ ታየ፤ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ የጤና ባለሙያዎችና የመረጃ ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። በፕሮጀክት ገንዘብ የሚሠራን ሥራ ሁሉ በዝርዝር ጽፎ፣ ከጎኑ «ነገ ቢቆም ማን ይሠራዋል?» ለሚለው የአንድ ቋሚ ሠራተኛ ስም መጻፍ ከአሁን በኋላ የዓመት ዕቅድ አካል መሆን አለበት። ስም የማይገኝለት ሥራ ካለ፣ ለከተማው የመደብ ጥያቄ የሚቀርበው በዚያ ነው።

ነዋሪውና የቦርድ አባሉ ምን ይጠይቁ

ለውስጥ ገቢ አሠራር ከአምስት አምስት ባንሰጥም አራት እንሰጠዋለን። ለድሀ ቤተሰብ የመድን ድጎማ አራት፣ በዕቃ ለሚመጣው መድኃኒት ሦስት። ብሎክ ግራንት ለደመወዝ አምስት፣ ለሥራ ማስኬጃ ሁለት። የፕሮጀክት ገንዘብ እንደ መስመሩ ስለሚለያይ በአንድ ቁጥር አንገምተውም።

የማኅበረሰብ ውጤት መስጫ ካርድ በየሩብ ዓመቱ ሲሞላ ነዋሪው ስድስት ነገር ይመዝናል፦ የባለሙያውን አክብሮትና ርኅራኄ፣ የወረፋ ጊዜን፣ የመድኃኒትና የምርመራ መኖርን፣ የተቋሙን ግንባታና መሠረተ ልማት፣ የአምቡላንስ አስተዳደርን፣ ንጽሕናና ደኅንነትን። «መድኃኒት የለም» ለሚለው ዝቅተኛ ነጥብ መስጠት ብቻ ግን መልስ አያመጣም፤ ቀጥሎ «ለምን?» መባል አለበት። መልሱ ከአራቱ አንዱ ነው፦ የመድን ክፍያ አልመጣም፣ የመድኃኒቱ ካፒታል ለሌላ ወጥቷል፣ መጠየቂያ ቅጹ በትክክል አልተሞላም፣ ወይም አቅራቢው ዘንድ የለም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እዚሁ ከተማ ውስጥ ይፈታሉ።

የስድስት ወሩ ግምገማ ጥር ላይ ነው። የቦርድ አባላት በዚያ ስብሰባ ሦስት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥልን ይበሉ፦ በየበጀት መደቡ የተፈቀደውና የወጣው፣ ከመድን ያልተከፈለው ዱቤ እስከ ዕለቱ ድረስ፣ እንዲሁም የሃያ ዋና መድኃኒቶች ቢን ካርድ፣ እያንዳንዱ በስድስት ወሩ ውስጥ ያልነበረበት ቀን ብዛት ተጽፎበት። ሦስተኛውን የፋርማሲው ሰው በአንድ ከሰዓት ያዘጋጀዋል፤ ካርዶቹ ከተሞሉ።